የቦሌ ዋልካና የኒጋታ አሸዋ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ፎቅ ላይ የሚኖር ብዙ ሰው ልጁን አቅፎ ደረጃ ወረደ። ምድር ላይ የነበረው ብዙም አልተሰማውም። አምስተኛና ስምንተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ግን አምፖሉ ሲወዛወዝ፣ አልጋው ሲነቃነቅ ተሰምቶታል። መንቀጥቀጡ የተነሣው ከፈንታሌ ተራራ አካባቢ ሲሆን መጠኑ 4.9 ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት አዋሽና የዶፈን ተራራ አልተኙም። በታኅሣሥ መጨረሻ ዶፈን ሥር መሬት ተከፍቶ እንፋሎትና አቧራ ተፋ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን ከ5.5 በላይ የሆነ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ መጣ። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ቀበሌዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ብረቱ ውፍረትና ስለ ሲሚንቶው ጥራት ብዙ ተወራ። በእኔ ልብ የቀረው ግን አንዲት ጎረቤታችን ጋቢያቸውን ደርበው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆመው ያነሡት ጥያቄ ነው፦ «ቤቱስ ይሁን። መሬቱ ራሱ ይችላል ወይ?» መሐንዲስ አልነበሩም። ጥያቄያቸው ግን የምህንድስናው ዓለም ካለፉት 60 ዓመታት ወዲህ አጥብቆ ከያዛቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው።

መሬት የማይችልበት አንዱ መንገድ መሐንዲሶች ሊኩዊፋክሽን የሚሉት ነው፤ ቆሞ የነበረ አፈር ለጥቂት ደቂቃዎች እንደ ውሃ ይሆናል። እህል በቁና ሲሰፈር ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ቁናው ነቅነቅ ሲል እህሉ ይጠቀጠቃል፤ በፍሬዎቹ መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ይጠብባል። ልል አሸዋም ሲናወጥ እንዲሁ መጠቅጠቅ ይፈልጋል። ነገር ግን አሸዋው ውሃ ውስጥ ከሆነ ክፍት ቦታው በውሃ ተሞልቷል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ ፈጣን ነውና ውሃው ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። ከላይ ያለው ሸክም ከአሸዋው ፍሬ ወደ ውሃው ይዞራል፤ ፍሬ ከፍሬ መደጋገፉ ይቀራል። ያን ጊዜ ከላዩ ያለው ሕንፃ ይሰምጣል ወይም ያዘነብላል፤ ከሥሩ የተቀበረው ባዶ ጋን ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ደግሞ ይንሳፈፋል።

ዓለም ይህን በዓይኑ ያየው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በመጋቢት ወር አላስካ ውስጥ ሰፈሮች ከነቤቶቻቸው ወደ ባሕር ተንሸራተቱ። ሰኔ 16 ቀን ደግሞ በጃፓኗ ኒጋታ ካዋጊሺቾ በተባለ ሰፈር የነበሩ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ግድግዳቸው ሳይፈርስ፣ ልክ የተገፋ ሣጥን ይመስል ወደ ጎናቸው ተኙ። አንደኛው ከሞላ ጎደል በጀርባው ተንጋልሎ ነበር። አርማታውም ብረቱም አልበደለም፤ የከዳው ከሥር ያለው የወንዝ አሸዋ ነው። ከዚያ ወዲያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦልተን ሲድና ኢድሪስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ቀላል የሆነ የስሌት ዘዴ አወጡ። ዘዴው በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ መንቀጥቀጡ አፈሩን ምን ያህል ያናውጠዋል፣ አፈሩስ ምን ያህል ይቋቋማል። ሁለተኛውን ለማወቅ የሚቆጠረው የመዶሻ ምት ነው። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፤ ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈለገ ይመዘገባል። ያ ቁጥር፣ እኛም ሳይት ላይ «ኤን ቫልዩ» የምንለው፣ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም የአፈር ምርመራ ዋና ቋንቋ ነው።

የእኛ ምድር ሲናወጥ የሚያዳምጥ መሣሪያ ያገኘው ከኒጋታ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነበር። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚባለው ወቅት፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን አራት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። መነሻው የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ነበር። ሳይስሞግራፉ የመጣው ቀጥሎ ነው። ጉዋን ግን በመሣሪያው ብቻ አልረኩም። የተጓዦችን ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ፣ የአገሬውን ሰው ትዝታ እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1842 አንኮበር ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. የሃያ ዓመቷን አዲስ አበባ ያናወጠው፣ ከ6.5 እስከ 6.8 የሚገመተው መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም ዛሬ በእጃችን ያሉት አንድ ሰው ተቀምጦ ስለሰበሰባቸው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ መሬቱን እንዲገምት ስለሚማረው ማሽን ስናወራ እመለስበታለሁ።

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መጣ። ከከተማችን ምዕራብ ጫፍ ካለው ካራቆሬ ጋር እንዳይምታታ፤ ይህኛው በደሴ መንገድ ያለው ነው። መጠኑ 6.5 ገደማ የሆነው ይህ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሰ፤ ወደ አሥመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ጎዳ። ንዝረቱ አዲስ አበባም ተሰምቷል። በእነዚያው ዓመታት ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ጤፍና ሽምብራ በሚዘራበት ሜዳ ላይ፣ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ እየተሠራ ነበር። የልደታ ሜዳ ለአዲሶቹ ቦይንግ 720 ጄቶች አጠረና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቦሌ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ማኮብኮቢያው ለሥራ ደረሰ። ከተማዋ ያን መንገድ ተከትላ ወደ ምሥራቅ ፈሰሰች። የቦሌ መንገድ ቪላዎች፣ በደርግ ዘመን የጣሊያኑ ኩባንያ የሠራቸውና ስሙን የወረሱት የሲኤምሲ ቤቶች፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች፣ ቦሌ ለሚ፣ ቦሌ አራብሳ። ያ ሁሉ የተተከለው የኦሮሞ ገበሬ ኮቲቻ በሚለው፣ እኛ ዋልካ በምንለው ጥቁር አፈር ላይ ነው።

ዋልካን ያላየ አዲስ አበቤ የለም። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በክረምት ያብጣል፤ ጫማ ይይዛል። ሳይት ላይ ፎርማኑ «ብላክ ኮተን ነው» ካለ ወሬው አለቀ፤ አፈሩ ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ቀይ አሽ ወይም ሰሌክት ማቴሪያል ይገባል፣ ወይም መሠረቱ እስከ ዐለት ይወርዳል። የአጥር ግንብ በሦስተኛው ክረምት ሲሰነጠቅ፣ የአንድ ፎቅ ቤት በር አልዘጋ ሲል፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ አፈር ነው። ከሥሩ ባዛልትና ኢግኒምብራይት የሚባሉ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች አሉ። ዐለቱ የሚገኝበት ጥልቀት ግን አንድ አይደለም፤ አንዱ ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር ላይ ይገኝና ከመንገዱ ማዶ አሥር ሜትር ተቆፍሮም አይነካም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የምሥራቅ አዲስ አበባ የመንቀጥቀጥ ጉዳይ ግን ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ ዋልካ እንደ ኒጋታ አሸዋ ይፈሳል? በቀጥታ ልመልስ፤ አይፈስም። የአሸዋ ፍሬዎች የሚያያይዛቸው ነገር የለም፤ የሚደጋገፉት በክብደታቸው ነው። የዋልካ ቅንጣቶች ግን ከዐይን የተሰወሩ ስስ ገጾች ናቸው፤ ውሃን ይስባሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። መሐንዲሶች የሚለኩት አንድ ባሕርይ አለ፦ አፈሩ እንደ ሊጥ የሚለወስበት የእርጥበት ስፋት፤ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ይሉታል። ይህ ቁጥር ከ12 በታች የሆነ ደቃቅ አፈር ለመፍሰስ ያሠጋል፤ ከ18 በላይ ከሆነ ሥጋቱ ይርቃል። የቦሌ ዋልካ ብዙ ጊዜ ከ30 ይበልጣል። ይህ መለኪያ የተገኘው በውድ ዋጋ ነው። ለብዙ ዓመታት ጭቃነት ያለው ደቃቅ አፈር አይፈስም ተብሎ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክ ውስጥ አዳፓዛሪ በምትባል ከተማ በደቃቅ አፈር ላይ የቆሙ ሕንፃዎች ሲሰምጡና ሲገለበጡ እምነቱ ተሰበረ።

ነገር ግን «አይፈስም» ማለት «አያሠጋም» ማለት አይደለም። ለቦሌ የሚቀርበው ምሳሌ ኒጋታ ሳይሆን ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 መጠኑ 8.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በውቅያኖስ ዳር ተነሣ። በከተማዋ ዐለታማ ክፍል ብዙም አልጎዳም። በጥንቱ ሐይቅ ላይ በተኛው ለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ግን ንዝረቱ ብዙ እጥፍ ጎለበተና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። አፈሩ እንደ ክራር ገመድ ነው፤ የራሱ ቃና አለው። የሕንፃው ቃና ከአፈሩ ቃና ጋር ሲገጥም ሕንፃው እየተገፋ ይሄዳል።

የቦሌን ቃና በግምት ለማየት ስሌቱ አያስቸግርም፦ የአፈሩን ውፍረት በአራት አባዝቶ፣ የመንቀጥቀጡ ተሸራታች ሞገድ በአፈሩ ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል 8 ሜትር ዋልካ ቢኖርና ፍጥነቱ በሰከንድ 160 ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ውዝዋዜ 0.2 ሰከንድ ይወስዳል፤ የአንድና የሁለት ፎቅ ቤቶች ቃና ነው። ውፍረቱ 15 ሜትር፣ ፍጥነቱ 150 ቢሆን 0.4 ሰከንድ ይሆናል። በተለመደው ግምት አንድ ፎቅ 0.1 ሰከንድ ያህል ይጨምራል፤ እንግዲህ 0.4 የጂ+3 ኮንዶሚኒየም ቃና ማለት ነው። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ለማስረዳት ነው፤ የየትኛውም ግቢ ውጤት አይደሉም። ግን ከመንገዱ ማዶና ማዶ ያለ የዐለት ጥልቀት ልዩነት የትኛው ቤት ይበልጥ እንደሚናወጥ ሊወስን እንደሚችል ያሳያሉ።

ሕጋችን ይህን በከፊል ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ አዲስ አበባን በሁለተኛ ቀጠና አስቀምጦ፣ ለዐለት መሠረት የስበትን 5 በመቶ የሚያህል ንቅናቄ ደነገገ፤ መነሻውም በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ መንቀጥቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን ኮድ ተከትሎ የመጣው አዲስ ኮድ መነሻውን ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎ ቁጥሩን 10 በመቶ አደረሰ። በአሮጌው ኮድ የተሠራ ፎቅ ከዛሬው ግማሽ በሆነ ቁጥር የተሰላ ነው፤ ይህንን የሚኖርበት ሰው ማወቅ ይገባዋል። አዲሱ ኮድ አፈርንም ይለያል። ሊፈሱ የሚችሉ አፈሮችን ለብቻ ይመድባል፤ ቢያንስ 10 ሜትር ውፍረት ያለው፣ በጣም የሚለወስና ውሃ የበዛበት ለስላሳ ሸክላ አፈርንም እንዲሁ ለብቻ ይመድብና ልዩ ጥናት ያዝዛል። ለምሥራቅ አዲስ አበባ ከሁለቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ይህ መስመር በየዲዛይን ክፍሉ ሊሰመርበት ይገባል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ነገር ከሲድና ከኢድሪስ ቀመር የሚለየው ቀመሩን ሰው ስለማይሰጠው ነው። ያለፉ ጉዳዮች ይሰጡታል፦ እዚህ ቦታ የመዶሻው ምት 8 ነበር፣ ውሃው 1.5 ሜትር ላይ ነበር፣ መንቀጥቀጡ 7.5 ነበር፣ መሬቱ ፈሰሰ፤ እዚያ ምቱ 25 ነበር፣ አልፈሰሰም። ማሽኑ ከምሳሌዎቹ ልዩነቱን ራሱ ያወጣል። ሲንጋፖር ውስጥ አንቶኒ ጎህ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 85 ጉዳዮችን ኒውራል ኔትወርክ ለሚባል ማሽን አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በተደጋጋሚ ስትናወጥና ሰፋፊ ሰፈሮቿ በፈሰሰ አሸዋ ሲሸፈኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የምርመራ ነጥቦች ተሰበሰቡ፤ ከ85 ወደ ሺዎች ማለት ለማሽን ሌላ ዓለም ነው። ዛሬ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ የት የት መሬት ፈስሶ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ያወጣል፤ የሚሠራው ከሳተላይትና ከመልክዓ ምድር መረጃ በተማረ ስታቲስቲካዊ ሞዴል ነው።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ሞረርና ሳንገር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እነዚህ ሞዴሎች በመሐንዲሱ ዘንድ ለምን ችላ እንደተባሉ መረመሩ። ብዙዎቹ ከተለመደው ዘዴ ጋር አልተወዳደሩም፤ የሥልጠናና የፈተና ሥርዓቱ ተጥሷል፤ ሌላ ሰው እንዲሞክራቸውም አልተለቀቁም። እኔ ከዚህ የምጨምረው የፈተናውን ነገር ነው። ከአንድ መንቀጥቀጥ፣ ከአንድ ሰፈር የተቆፈሩ ጎረቤት ጉድጓዶች ግማሹ ለማስተማሪያ፣ ግማሹ ለፈተና ሲከፈሉ፣ ተማሪው የፈተናውን መልስ ከደብተሩ አጠገብ አየ ማለት ነው። ከዚያ የሚመጣ 95 በመቶ ለሌላ አገር ምድር ዋስትና አይሆንም። ሌላም አለ፤ መሐንዲስ ሮጦ የሚሄደው መሬቱ ወደ ፈሰሰበት ነው። ያልፈሰሰበት ቦታ ብዙ ጊዜ መዝገብ አይገባም። ማሽኑ የተማረው በአብዛኛው የጥፋትን ታሪክ ነው።

ከእነዚህ ሞዴሎች አንዱን አምጥተን የቦሌ አንድ ሳይት የአፈር ምርመራ ብንሰጠው ምን ይላል? ምናልባት «አይፈስም» ይላል። ልክ ነው። ግን ዋልካን አውቆ አይደለም፤ በሕይወቱ ዋልካ አላየም። የሚያስፈራኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንድ ሰው ያንን መልስ ወስዶ ምሥራቅ አዲስ አበባን በካርታ ላይ አረንጓዴ ቢቀባው፣ አንባቢው አረንጓዴውን «ከመንቀጥቀጥ የዳነ» ብሎ ያነባል። ማሽኑ የተጠየቀው ስለ መፍሰስ ብቻ ነው፤ ስለ ንዝረት መጎልበት አልተጠየቀም።

ሊኩዊፋክሽን በአገራችን የሚያሠጋበት ቦታ የለም ማለቴ እንዳይሆን። ስምጥ ሸለቆው በሐይቅ ዳር በተከማቸ ልል አሸዋና የእሳተ ገሞራ አመድ የተሞላ ነው፤ ውሃውም ቅርብ ነው። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ የቆቃ ዳርቻና የአዋሽ ሜዳ መመርመር ያለባቸው በዚህ ዓይን ነው። በ2017ቱ ነውጥ ወቅት የከሰም ግድብ ነገር ብዙ ሰው አሳስቦ ነበር፤ ስጋቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታችኛው ሳን ፈርናንዶ ግድብ አካል ሲፈስስና ሲንሸራተት ከሥሩ የነበሩ 80 ሺህ ሰዎች እንዲወጡ ተደርጓል። በከተማችንም ቢሆን ወደ አቃቂ በሚወርዱት ወንዞች ዳር ያለው ደለል፣ የተሞሉ ገደሎችና አሮጌ የካባ ጉድጓዶች ከዋልካው ተለይተው መታየት አለባቸው። ሙሌት አፈር የተፈጥሮ አፈር አይደለም፤ ባለቤቱ ሳይጠቀጥቀው የደፋው ከሆነ የአሸዋን ጠባይ ሊይዝ ይችላል።

ማሽኑ ለቦሌ የሚጠቅምበት ትክክለኛ ሥራ እንግዲህ ሌላ ነው። በተቆፈሩት ጉድጓዶች መካከል ያልተቆፈረው ቦታ ዐለቱ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ መገመት፣ ከመዶሻ ምትና ከእርጥበት የሞገዱን ፍጥነት መተንበይ፣ መንገድ ዳር ለጥቂት ደቂቃ ከሚወሰድ ትንሽ የንዝረት ልኬት ጋር አዛምዶ የትኛው ብሎክ በምን ቃና እንደሚናወጥ ማሳየት። ይህ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎችና ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አቅም በላይ አይደለም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የራዲየስ ፕሮግራም ከተመረጡት ዘጠኝ ከተሞች አንዷ ሆና የመንቀጥቀጥ ጉዳት ሁኔታዋ ተጠንቷል፤ መንገዱ አዲስ አይደለም።

የሚጎድለው መዝገቡ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት በምሥራቅ አዲስ አበባ ለቆመ ፎቅ ሁሉ ማለት ይቻላል አፈሩ ተመርምሯል፤ ያለሱ ፈቃድ አይገኝም። ሪፖርቱ ግን የባለቤቱ ነው። አንድ ቅጂ ከአማካሪው ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ከፈቃድ ሰጪው መዝገብ ቤት፣ በክር የታሰረ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የጎረቤቱ ሕንፃ ሲጀመር ያው አፈር እንደገና፣ እንደ አዲስ ይቆፈራል። ኒውዚላንዳውያን ከክራይስትቸርች በኋላ የጉድጓዶቻቸውን መዝገብ በአንድ የጋራ ቋት አኖሩት፤ ዛሬ ማሽኖቻቸው የሚማሩት ከዚያ ነው። ጉዋን አንድ በአንድ ደብዳቤ እየለቀሙ የሠሩትን ሥራ ዛሬ ከተማው በአንድ መመሪያ ሊሠራው ይችላል፦ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የአፈር ምርመራውን ቁጥሮች፣ ከቦታው መጋጠሚያ ጋር፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ ያስገባ።

ቅጹን ሳስብ አንድ መስመር ዓይኔ ላይ ይመጣል። ከዓመታት በፊት በሰሚት በኩል አንድ ሳይት ላይ ቁፋሮ ሲካሄድ ቆሜ አይቻለሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ቆፋሪው ምቱን እየቆጠረ በእርሳስ ይጽፋል፤ ረዳቱ የወጣውን ጥቁር አፈር በሣጥን ይደረድራል። ሲመሽ ጉድጓዱ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ረዳቱ ሜትሩን አስገብቶ ሲያወጣው ጫፉ ረጥቦ ነበር፤ ሌሊቱን ውሃ ገብቶ ከመሬቱ ወለል ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆሟል። ቆፋሪው ጥልቀቱን ጻፈ። ከዚያ አሰብ አደረገና ከጎኑ ቀኑን ጨመረበት፤ በበጋ የሚመጣ ሰው ያንን ውሃ እዚያ እንደማያገኘው ያውቅ ነበር።